«ተቆልፎብናል» ስለተባለው የሞተር ጉልበት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ሦስት ደንበኞች አንድ ዓይነት ጽሑፍ በስልካቸው ይዘው ናፍጣን ለክቶ ወደ ሞተር የሚረጨውን ፖምፓ ወደምጠግንበት ቤቴ መጡ። ሦስተኛው የሲኖትራክ ሹፌር ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኩን ዘረጋልኝና «ይህን አንብብና ዛሬውኑ ክፈትልኝ» አለኝ። ይከፈትልኝ ያለው በር አይደለም፤ የሞተሩን ጉልበት ነው።

አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች አንድ ሞተር ይሠሩና ለአንዱ ገዢ ጉልበቱን ዝቅ አድርገው፣ ለሌላው ከፍ አድርገው ይሸጡታል። ብረቱ ያው፣ ስፋቱ ያው ሆኖ ሳለ ዋጋው ይለያያል፤ ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛውን የገዛ ሰው ተዘርፏል። ላፕቶፕ የያዘ ባለሙያ ግን በአንድ ሰዓት ያስመልስለታል። ሞተሩ ከመጀመሪያው ለትልቁ ጉልበት የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም፤ እንዲያውም ናፍጣ ይቆጥባል። እንደ ደሴ ላለ ደጋ ደግሞ ማስከፈቱ ግዴታ ነው ይላሉ።

ከላይ እስከ ታች ሐሰት ቢሆን ኖሮ መልስ ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር፤ የተፈታ ፖምፓ ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኛል። ነገር ግን ግማሹ እውነት ነው። ሰው ኪሱን የሚከፍተው ደግሞ በዚያ በግማሹ ተማምኖ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የናፍጣ ፖምፓ ስፈታና ስገጥም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛልና የማውቀውን ልበል።

«ብረቱ አንድ ነው» ከሚለው ልጀምር።

ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሱት ሁላችንም የምናውቀውን ሲኖትራክ ሃዎ ነው፤ ባለ 336 እና ባለ 371 የፈረስ ጉልበት። እውነት ነው፣ የሁለቱም ሞተር ደብሊው ዲ 615 ነው። ንድፉ ከኦስትሪያው ስታየር የተወሰደ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ስፋቱ 9.726 ሊትር። ጎን ለጎን ቢቆሙ ከውጭ አይለዩም። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ ግን አንደኛውን 615.69፣ ሌላኛውን 615.47 ትላቸዋለች። ከነጥቧ በኋላ ያለው ቁጥር ለጌጥ አልተጻፈም።

ፖምፓ ከመኪናው ወርዶ ሲመጣልኝ መፈተሻ ማሽን ላይ አስረዋለሁ። ማሽኑ ያዞረዋል፤ ከስድስቱ መስመሮች የሚረጨው ናፍጣ ልኬት በተሰመረባቸው ስድስት የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ ይጠራቀማል። የተወሰነ ምት ተቆጥሮ ማሽኑ ሲቆም ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከናፍጣው ወለል ጋር እኩል አደርግና አነባለሁ። አንደኛው ቱቦ ከሌሎቹ በአንድ መስመር ቢበልጥ ያ ሲሊንደር ከወንድሞቹ አብልጦ እየበላ ነው ማለት ነው። ጉልበት የሚባለው ነገር መጀመሪያ የሚታየው እዚያ መስታወት ውስጥ ነው። ለዝቅተኛ ጉልበት የተሠራ ፖምፓ በአንድ ምት የሚሰጠው ናፍጣ ያንሳል። ቀሪው ሁሉ ከዚያ ተከትሎ ይመጣል፦ ናፍጣ ሲጨመር አየር መጨመር አለበት፤ አየር እንዲጨመር ቱርቦው (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ሊለወጥ ይችላል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ራዲያተሩ መቻል አለበት፤ የሚጠመዝዘው ኃይል ሲበረታ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ መቻል አለባቸው። አንድ ፋብሪካ ከእነዚህ የትኛውን ቀይሮ የትኛውን እንደተወ ከሞተር ሞተር ይለያያል። ሲሊንደሮቹ የተቀረጹበት ብረት አንድ መሆኑን አይቶ «ያው ሞተር ነው» ማለት፣ ግድግዳቸው አንድ የሆነ ሁለት ቤቶችን አይቶ ኪራያቸው ለምን ተለያየ ብሎ እንደ መጣላት ነው። ውስጥ ገብቶ ማየት ይገባል።

ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣቸውን ሁለት የናፍጣ መኪናዎች እንመልከት። 118ዲ እና 123ዲ ይባላሉ፤ የሁለቱም ሞተር ስፋት 1,995 ሲሲ ነው። የመጀመሪያው 143፣ ሁለተኛው 204 የፈረስ ጉልበት አለው። ሁለተኛው ግን አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ፣ በድምሩ ሁለት ቱርቦ ተሸክሟል። ልዩነቱ የኮምፒውተር ቁጥር ብቻ ነው የሚሉ ሰው ሁለተኛውን ቱርቦ በላፕቶፕ እንዴት እንደሚገጥሙት ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ ይገኛል። ቪትዝ የማያውቅ የለም። ባለ 1.5 ሊትሩ ቪትዝ ላይ ያለው 1ኤንዜድ የተባለው ሞተር ወደ 109 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ቶዮታ ይህንኑ ሞተር፣ ስፋቱ ያው 1,497 ሲሲ የሆነውን፣ በ2003 በወጣው ፕሪየስ ላይ ሲገጥመው ጉልበቱን ወደ 77 አወረደው። በጸሐፊው ስሌት የፕሪየስ ገዢ ሠላሳ ሁለት የፈረስ ጉልበት ተሰርቋል። ዋጋውን ስናይ ግን ውዱ መኪና ፕሪየስ ነው! ምን ተደረገ? የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ እንዲዘጋ ተደረገ፤ ከገባው አየር ጥቂቱ ተመልሶ ይወጣል፤ የመጭመቂያ ምጣኔውም (የሲሊንደሩ ቦታ ስንት እጥፍ እንደሚጠብ የሚያሳየው ቁጥር) ከ10.5 ወደ 13 ከፍ አለ። ሞተሩ ጉልበቱን ሰጥቶ በምትኩ የነዳጅ ቁጠባ ወሰደ፤ ለዳገቱና ለመነሻው ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨመረለት። እዚህ ውስጥ የተቆለፈ ነገር የለም። ጉልበት ተሸጦ ሌላ ነገር ተገዝቶበታል።

«ተዘርፈናል» የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ፋብሪካዎች ጻድቃን አይደሉም። በ336 እና በ371 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በሙሉ ብረትና ጎማ ሆኖ ይወጣል ብዬ አልምልም። አንድ ሞተር ንድፉን ለማውጣት፣ ለመፈተንና ቅርጹን ለማዘጋጀት የሚወጣው ገንዘብ ከባድ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ብረት ለአራትና ለአምስት ዓይነት ገዢ ማካፈል ይፈልጋሉ፤ የበለጠ መክፈል ከሚችለው ገዢም የበለጠ ይወስዳሉ። ቮልቮ 12.8 ሊትሩን ዲ13 በ420፣ በ460፣ በ500 እና በ540 የፈረስ ጉልበት ሲያቀርብ አራት የተለያዩ ሞተሮችን ከባዶ አልነደፈም። ይህ ንግድ ነው። ጸሐፊው በዚህ ትክክል ናቸው።

የማልቀበለው ዝቅተኛውን የገዛ ሰው ያልተሰጠው ነገር አለ የሚለውን ነው። ሰው የሚገዛው ሞተሩ እስኪሰበር ሊያወጣ የሚችለውን አይደለም፤ ፋብሪካው «ይህን ያህል ጉልበት፣ ይህን ያህል ዘመን፣ በዚህ መኪና ላይ» ብሎ የፈረመበትን ነው። ኮምቦልቻ ያሉት ፋብሪካዎች መብራት ሲጠፋ የሚያስነሱትን ጄኔሬተር አይተው ያውቃሉ? ሰሌዳው ላይ ሁለት የጉልበት ቁጥር ያለበት ሞልቷል። አንዱ በመደበኛነት ለሚሠራ፣ ሌላው መብራት በጠፋ ጊዜ ብቻ ለሚነሳ ነው፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በአሥር በመቶ ገደማ ይበልጣል። አንድ ሞተር፣ አንድ ፖምፓ፣ አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት ጉልበት። ማን ማንን ዘረፈ? ሞተሩ ሁለቱንም ይችላል፤ ጥያቄው ለስንት ሰዓት ነው።

ካሚንስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ 5.9 ሊትር የሆነ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነበረው። በ1989 ዶጅ ፒካፕ ላይ ሲገጠም 160 የፈረስ ጉልበት ነበር። ያው ቤተሰብ ለጀልባ በተሠራው ዓይነቱ እስከ 370 ደርሷል። ከእጥፍ በላይ! ጀልባዋ ግን ሆዷ ሥር የማያልቅ ቀዝቃዛ ውኃ አለ፤ ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ሳይቀር በባሕር ውኃ ታቀዘቅዘዋለች። ባቲ መንገድ ላይ በሐምሌ ሙቀት፣ ራዲያተሩ በአቧራና በፌንጣ ተደፍኖ የሚጓዝ መኪና ይህን ዕድል ከየት ያመጣል?

መኪናው ራሱም የሚችለው ልክ አለው። አይሱዙ 4ኤችኬ1 የተባለውን 5.2 ሊትር ሞተር በ155 እና በ190 የፈረስ ጉልበት ይሸጣል። አውስትራሊያ ውስጥ ቁጥሩን ስሙ ላይ ይጽፉታል፦ ኤንፒአር 45-155፣ ኤንፒአር 65-190 እያሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ከነጭነቱ 4.5 ቶን ወይም 6.5 ቶን ማለት ነው። ቀላል ለሚጭነው ትንሹ፣ ከባድ ለሚጭነው ትልቁ ተሰጠ። የቶዮታ ሃይሉክስ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ከ2020 ወዲህ ያለው ባለ 2.8 ሊትሩ 204 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ነገር ግን በእጅ ካምቢዮ ሲሆን ቶርኩ (የሚጠመዝዘው ኃይል) 420፣ በአውቶማቲክ ሲሆን 500 ኒውተን ሜትር ነው። ሞተሩ ያው፣ የፈረስ ጉልበቱ ያው፣ መኪናው ያው። የተወሰነው ከሞተሩ በስተኋላ ያለው እንዳይጎዳ ነው። «ተቆልፎብኛል» ብሎ 80 ኒውተን ሜትሩን ያስከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ይሆናል።

ጸሐፊው በሕግና በስምምነት የሚጣለውን የጉልበት ገደብ በአንድ መስመር አልፈውታል፤ እኔም አልቆይበትም። ኢጣሊያ ውስጥ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከ2011 ጀምሮ ለመጀመሪያው ዓመት ከ70 ኪሎዋት በላይ የሆነ መኪና መንዳት ተከልክሎ ነበር፤ ገደቡ ወደ 105 ያደገው በቅርቡ ነው። በአውሮፓ ኤ2 የተባለው የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ በ35 ኪሎዋት ይቆማል። የጃፓን ፋብሪካዎች ደግሞ ከ1989 እስከ 2004 ድረስ ለአገራቸው ገበያ ከ280 የፈረስ ጉልበት ላለማለፍ ተስማምተው ነበር። እንዲህ ያለው ገደብ በእርግጥ ከብረቱ ጋር አይገናኝም። ጸሐፊው ክርክራቸውን እዚህ ላይ ቢያቆሙት ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር። (ፍሪሲዮንም ካምቢዮም ያስተማሩን ጣሊያኖች ለልጆቻቸው ጉልበት መቀነሳቸው ሳያስቀኝ አልቀረም።)

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። «ማስከፈቱ አይጎዳም» ይላሉ።

ይህን የምጽፈው ራሴ ከፍቼ ስለማውቅ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ የአንዲት ጭነት መኪና ባለቤት የሆኑ ሐጂ መጡ። መኪናቸውን ራሳቸው ነበር የሚነዱት። ከኮምቦልቻ ደሴ እህል ያመላልሳሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ሁሉም እየቀደማቸው አማርረዋል።

«አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ትንሽ ብቻ ጨምርልኝ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ፋብሪካው ለክቶ ያሸገው ነው፤ ባንነካው ይሻላል» አልኳቸው።

«ፋብሪካው ሐረጎን ያውቀዋል እንዴ?»

መልስ አጣሁ። እንዲያውም ሳቅሁ፤ ልክ ናቸው ብዬም አሰብኩ። የዚያን ጊዜ ፖምፓ ኮምፒውተር የለውም። ከፍተኛውን የናፍጣ መጠን የሚወስን አንድ ብሎን ነበር፤ በቀጭን ሽቦ ታስሮ በእርሳስ ታሽጓል። ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥኩት፤ ብሎኑን ግማሽ ዙር አዞርኩት። ግማሽ ዙር ብቻ። መኪናዋ በማግስቱ ሐረጎን እየዘፈነች ወጣች፤ ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ትንሽ ጠቆር ብሏል እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ሐጂ ሲመለሱ ሁለት ኪሎ ቡና አመጡልኝ።

አራት ወር ገደማ ቆይታ በሌላ መኪና ተጎትታ መጣች። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ስናወርድ ሦስተኛው ፒስቶን አናቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረበት። የተሰበረ አይደለም፤ የተሰበረ ብረት ጠርዙ ይሾላል። ይህኛው ጠርዙ ተድበልብሎ ወደ ውስጥ ፈስሷል፤ በነፋስ በኩል የቀለጠ ጧፍ ይመስል ነበር። አጠገቡ ያለው ፒስቶን ገና አልተበሳም፤ አናቱ ግን ግራጫ ሆኖ መጎርበጥ ጀምሯል።

አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ነበልባል ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል። ፒስቶን ሳይቀልጥ ዘመኑን የሚጨርሰው ነበልባሉ ለቅጽበት ብቻ ስለሚያገኘውና የወሰደውን ሙቀት በፋሻዎቹ (ዙሪያውን ባሉት ቀለበቶች) በኩል ወደ ግድግዳው፣ ከሥር ደግሞ ወደ ዘይቱ ስለሚያስተላልፍ ነው። ሙቀቱ የሚገባበት ፍጥነት ከሚወጣበት በትንሹ ከበለጠ መጀመሪያ ምንም አይታይም። መኪናው እንዲያውም ደስ ይላል። አራት ወር ደስ ይላል።

ሐጂ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ያስጨመርኩህ እኔ ነኝ» ብለው የሞተሩን ማሳደሻ ከእኔ ጋር እኩል ተካፈሉ። ለዚያ ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ መልስ ስፈልግለት ኖሬያለሁ፤ አሁን ያለኝም ይመስለኛል። ፋብሪካው ሐረጎን አያውቀውም። ሐረጎን ስለማያውቀው ነው ትርፉን የተወው። አንድ ቦታ የሚቀዳው ናፍጣ ቆሻሻ እንደሚሆን፣ አንድ ባለንብረት አምስት ቶን የተጻፈበት ላይ ስምንት እንደሚጭን፣ አንድ ረዳት ራዲያተሩን ሳያጥብ ክረምቱን እንደሚያሳልፍ ያውቃል፤ የትና መቼ እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ለማያውቀው ሁሉ ቦታ ትቶ ቁጥሩን ከዚያ በታች ይጽፋል። እኛ አገር ያ ትርፍ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሀብት አይደለም፤ መኪናው ኮምቦልቻ ሲደርስ ግማሹ ተበልቷል። ጸሐፊው «ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ጉልበት» ያሉትን እኔ ሐረጎ ላይ በየቀኑ ሲሠራ አየዋለሁ።

«ደጋ ላይ ግዴታ ነው» የሚለው ነጥብ ነገሩን ጭራሽ ገልብጦታል፤ ትንሽ ልቆይበት።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ መቶ ቢባል ኮምቦልቻ ወደ 80፣ ደሴ ወደ 75 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጅቡቲ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሲደርስ ሩብ ያህሉን መንገድ ላይ ጥሎት መጥቷል። ማንም አልቆለፈበትም፤ የሚተነፍሰው ስላነሰው ነው። ሐጂ «ሁሉም ይቀድመኛል» ያሉት ከዚህ የተነሳ ነበር፤ የቀደሟቸው ባለ ቱርቦዎች ናቸው። ደሴ ላይ የጎደለው አየር ነው። እኔ በግማሽ ዙር የጨመርኩት፣ ዛሬም በላፕቶፕ የሚጨመረው ግን ናፍጣ ነው። አየር ሳይኖር የገባ ናፍጣ ከፊሉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ጭስ ማውጫው ይግላል፤ የቀረውን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

ባለ ቱርቦው ሞተርስ? እሱ ይሻላል፤ ሲኖትራኩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሚሌን፣ ባቲን አልፎ እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ የዚያን ያህል አይወርድበትም። ነገር ግን ከሳሳው አየር ያንኑ መጠን ለመሰብሰብ ቱርቦው ከወትሮው አብልጦ መሽከርከር አለበት። ቱርቦ ዱሮውንም በደቂቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚዞር ዕቃ ነው። ዘመናዊዎቹ ሞተሮች የአየሩን ግፊት እየለኩ ከፍታ ላይ ናፍጣውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ብዙ ሹፌር «ደሴ ላይ ሰነፈብኝ» የሚለው ይህን ነው። «የሚከፍት» ባለሙያ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያጠፋው ደግሞ ያንን ጥበቃ ነው፤ ደንበኛው ለውጡን ወዲያው እንዲያይ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የሚደረገው ምን ለማግኘት ነው? ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 40 ቶን ይዞ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ኃይል ደመርኩ፤ ሽቅብ 650 ሜትር፣ በ25 ኪሎ ሜትር ላይ ጎማው የሚወስደውንም፣ ከሞተር እስከ ጎማ የሚባክነውንም ጨመርኩ። ሁለቱም ሞተሮች ሙሉ ጉልበታቸውን ሳያቋርጡ ቢሰጡ፣ ከፊታቸውም አንድ ባጃጅ እንኳ ባይኖር፣ ባለ 336ቱ ወደ 26 ደቂቃ፣ ባለ 371ዱ ወደ 24 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ልዩነቱ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ደሴ ከገባ በኋላ ሰኞ ገበያ አካባቢ መኪናውን ለማዞር ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያልፋል።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ጭራሽ ልዩነት የለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ መኪናውን በካምቢዮና በጭስ ማውጫ ፍሬን የሚይዘው የሞተሩ ስፋት ነው እንጂ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት አይደለም፤ 9.7 ሊትር 9.7 ሊትር ነው። በማርሽ ወርዶ፣ በዝግታ የሚወርድ አሮጌ ሹፌር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጉልበት ያስጨመረው ወጣት ግን ሽቅብ ያገኘውን ልበ ሙሉነት ቁልቁል ይዞት ይወርዳል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ከፒስቶኑ ይልቅ እሱ ነው።

«ናፍጣ ይቆጥባል» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ከባድ የናፍጣ ሞተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 200 ግራም ናፍጣ ይበላል። 35 የፈረስ ጉልበት 26 ኪሎዋት ነው፤ ሙሉ ጉልበቱ በሥራ ላይ እያለ ይህ በሰዓት ወደ 6 ሊትር ተጨማሪ ናፍጣ ማለት ነው። ዳገቱ ቶሎ ስለሚያልቅ በጠቅላላው የሚበላው ብዙ ላይለያይ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ቁጠባው ግን ከየት መጣ? ጭነቱ ያው፣ ተራራው ያው።

ያ ሦስተኛው ሹፌር ይህን ሁሉ ሰምቶ «እና አትከፍትልኝም?» አለኝ። ፖምፓውን አውርደን መፈተሻው ላይ አሰርኩለት። አራተኛው ቱቦ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ብሎ ቀረ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከልኩ አልፏል። ሞተሩ 336ቱንም እየሰጠው አልነበረም። ስድስቱን እኩል አድርጌ፣ ኖዝሎቹን (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩትን) አስተካክዬ፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ እንዲያየው ነገርኩት። ማጣሪያውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳው የአፋርን አቧራ ግማሽ ጣሳ ያህል አራገፈ። ከደሴ ደውሎ «ከፍተኸው ነው እንጂ ልታታልለኝ ነው» አለኝ። አልከፈትኩም፤ ያልኩትን ማመኑንም እንጃ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ለጸሐፊው እጄን እሰጣለሁ፤ እሳቸው ያላነሱትን እኔ ላንሳላቸው። መርሴዲስ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ለኤሌክትሪክ መኪናዎቹ አዲስ ነገር አቀረበ፦ በዓመት 1,200 ዶላር የከፈለ ሰው ኢኪውኢ 350 የተባለው መኪናው ከ288 ወደ 348 የፈረስ ጉልበት ከፍ ይልለት ነበር። ዕቃ አይቀየርም፣ ጋራዥ አይገባም፤ በሶፍትዌር ብቻ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ 348ቱን ይዞ ወጥቷል፤ ፋብሪካውም ለ348ቱ ፈርሞበታል፤ ገዢው ግን በየዓመቱ ኪራይ እንዲከፍልበት ተጠየቀ። ጸሐፊው ስለ ሲኖትራኩ የጻፉት ቁጣ ሁሉ ለዚህኛው ልኩ ነው።

ከ2024 ወዲህ እኛም አገር የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ፒያሳ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ እየቀረ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጅቡቲ ላይ ያለው ጉልበት ደሴም ላይ ያው ነው። ፖምፓ የለው፣ የሚዞር ብሎን የለው፣ የእርሳስ ማሸጊያ የለው፤ እኔንም አይፈልገኝም። አንድ ቀን ደሴ ላይ አንዱ ባለ መኪና «ሐረጎን በሙሉ ጉልበት ለመውጣት ክፍያዎን ያድሱ» የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ያነበበ ዕለት፣ ጸሐፊው ያንኑ ጽሑፋቸውን ቃል ሳይቀይሩ ይላኩልኝ፤ ከሥሩ እፈርማለሁ።